ወንበር ያልሆኑ መቀመጫዎች

ሊፍት ጠጋኙ ሰው ሁሉ ሳይደክም ፎቅ እንዲወጣ ሲደክም ይውልና፣ ማታ ቤቱ ሲመለስ ሦስት ፎቅ በእግሩ ይወጣል። የሚኖርበት ሕንፃ ሊፍት የለውም። ሚስቱ በዚህ ነገር ስትስቅበት ዓመታት አልፈዋል፤ እሱ ግን አብሯት መሳቁን ከተወ ቆይቷል።

ሥራው ከመፍታትና ከመግጠም ይልቅ መጠበቅ ይበዛበታል። መለዋወጫ እስኪመጣ ይጠብቃል፤ ዘበኛው የጣሪያውን ክፍል ቁልፍ ፈልጎ እስኪያገኝ ይጠብቃል፤ የሕንፃው አስተዳዳሪ ስብሰባ እስኪጨርስ ይጠብቃል። በዚያ ሁሉ ጥበቃ መሐል ግራሶ የነካውን እጁን በጨርቅ ጠርጎ፣ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ካርታ ይሠራል። ካርታው የማንም ኩባንያ አይደለም። የፈለገ ሰው በኢንተርኔት ገብቶ የሚያውቀውን መንገድ፣ ሱቅ፣ ድልድይ ይጨምርበታል፣ የተሳሳተ ካየም ያርማል፤ የሚከፈለው የለም፣ የሚያስከፍልም የለም።

ከዚህ ሥራ ሁሉ እሱ የሚወደው አዲስ ሰው መቀበል ነበር። አንድ ጀማሪ በከተማው ካርታ ላይ የመጀመሪያዋን ነጥብ ሲያስቀምጥ ማሳወቂያ ይደርሰዋል፤ እሱም ውሎ ሳያድር ይጽፍለታል። «እንኳን ደህና መጡ! ካርታው የሁላችንም ነው። ሰፈርዎን ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ የለምና፣ የሚያውቁትን ሳይፈሩ ያስቀምጡ። ቢሳሳቱ ይታረማል፤ ቢቸገሩ እኔ አለሁ።» ይህን ለይስሙላ አይደለም የሚጽፈው። አንድ የታክሲ ሾፌር ያንኑ ጥያቄ ደጋግሞ ቢጠይቀው፣ እሱም ደጋግሞ እንደ አዲስ ይመልስለታል። አንዲት ተማሪ ወንዙን አስፋልት አድርጋ ብታሰምረው «አይዞሽ፣ እኔም ጀማሪ ሳለሁ ሐይቅ ላይ ፎቅ ሠርቻለሁ» ይላታል። የጀማሪዎች መመሪያም በራሱ እጅ ጽፎ፣ አባዝቶ ያድላል። የካርታ ወዳጆቹ ስሙን ትተው «አቶ እንኳን ደህና መጡ» ይሉታል።

«ምነው ለእኛም አንድ ቀን እንኳን ደህና መጣችሁ ብትለን?» ትለዋለች ሚስቱ። ቀልድ ነው፤ ቢሆንም ሙሉ በሙሉ ቀልድ አልነበረም። ለማያውቀው ሰው የሚያፈሰው ትዕግሥት ቤት ሲደርስ አልቆ ይገኛል። ሰው ሲያናግረው ዓይኑ ከስክሪኑ አይነቀልም፤ «ቆይ አንዴ» ይላል፣ ያቺ «አንዴ»ም ራት ቀርቦ እስኪነሣ አታልቅም። ይህን «ቆይ» ከሚስቱም በላይ የጠገቡት አማቱ ነበሩ።

አማቱ ጡረታ የወጡ የስልክ ቤት ሠራተኛ ናቸው። ዕድሜያቸውን ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ደፍተው «ይጠብቁ፣ አገናኛለሁ» ሲሉ ነው የጨረሱት። ዳሌያቸው ተሰብሮ ከታከሙ በኋላ ልጃቸው ወደ ራሷ ቤት አምጥታ የውስጠኛውን ክፍል ሰጠቻቸው። ሴትዮዋ በአማች ቤት መቀመጥ ከበዳቸው። የበሉበትን ሳህን ሳያጥቡ አይቀመጡም፤ ቴሌቪዥን ድምፁን አጥፍተው ያያሉ፤ ሊፍት ጠጋኙ ሲገባ ከሶፋው ለመነሣት ይቃጣቸዋል። እሱም ቢሆን በልቡ ይወዳቸዋል። «እማማ» ይላቸዋል፤ መድኃኒታቸው በእሱ ዘመን አልቆ አያውቅም። ቁጭ ብሎ ማጫወቱ ነው ያልሆነለት።

አንድ ነገር ብቻ ለምነውት ነበር። በስልክ ቤት ዘመናቸው ወንበር ለወንበር ተጠጋግተው የሠሩ አንድ ጓደኛ አሏቸው፤ «የጎኔ» ነው የሚሏቸው። የጎኔ ከዋናው መንገድ ማዶ፣ ለጤነኛ ሰው ሩቅ በማይባል ሰፈር ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። የጎኔም ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ሁለቱ ጠዋት ጠዋት በስልክ ሳይገናኙ አይውሉም፤ ዓይን ለዓይን ከተያዩ ግን፣ ከስብራቱ ወዲህ ጊዜው ሄዷል። ሚኒባስ ላይ ተጋፍቶ መውጣት ለታከመ ዳሌ አይሆንም።

«ልጄ፣ የሚመችህ ቀን በመኪናህ ብታደርሰኝ» አሉት።

«ምን ችግር አለ እማማ! ቅዳሜ።»

ቅዳሜ አንድ ሆቴል ውስጥ ሊፍት ሰው እንደያዘ ቆመ። በሚቀጥለው ቅዳሜ የጀማሪዎች ሥልጠና ነበረው። ከዚያ በኋላ ባለው ረሳው። እሳቸው አላስታወሱትም። ለባብሰው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው አልጋቸው ጫፍ ላይ እስከ እኩለ ቀን ይቀመጡና፣ ኋላ ጫማቸውን ያወልቃሉ። ይህን ሚስቱ የነገረችው ነገር ካለፈ በኋላ ነው።

ሁለቱ አሮጊቶች በበኩላቸው እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ሐኪሙ «ካልተራመዱ እግሩ ይደርቃል» ብሏቸዋል፤ የየጎኔም ሐኪም እንዲሁ ብሏል። ችግራቸው መንገዱ አልነበረም። ችግራቸው መቀመጫ ነበር። አማቱ ጥቂት ከሄዱ ዳሌያቸው ይይዛቸዋል፣ የጎኔ ጥቂት ከሄዱ ትንፋሽ ይከዳቸዋል፤ አረፍ ካሉ ግን ሁለቱም መቀጠል ይችላሉ። ቀጥሎ የት እንደሚያርፉ ካላወቁ ደግሞ ከበር የሚያወጣ ድፍረት የለም። ስለዚህ ተማከሩ። እያንዳንዳቸው ከየቤታቸው ተነሥተው፣ ከመቀመጫ መቀመጫ እየዘለቁ፣ መንገድ አጋማሽ ላይ መዋዕለ ሕፃናቱ አጥር ሥር ባለችው ዝቅተኛ ግንብ ሊገናኙ ተቃጠሩ። ማንም ሳያደርሳቸው፣ ማንንም ሳይለምኑ።

የሊፍት ጠጋኙን መመሪያ አማቱ ያገኙት የምግብ ጠረጴዛው ላይ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሽቦና ከመብራት ጋር የኖሩ ሴት ናቸውና መሣሪያ አያስፈራቸውም። መነጽራቸውን አድርገው ከዳር እስከ ዳር አነበቡት፤ ከዚያም ስልካቸው ላይ «ጎረቤት» በሚል ስም ተመዘገቡ። ነገሩን መደበቅ ምን ያደርጋል፤ በዚያ ሰሞን አቶ እንኳን ደህና መጡ በደስታ የተቀበለው አዲሱ በጎ ፈቃደኛ፣ እዚያው ቤቱ ውስጥ ከግድግዳው ማዶ የተኙት አማቱ ነበሩ። እሱ አላወቀም። እሳቸው ግን አውቀዋል፤ ካርታው ላይ የሚጠቀምበት ስም መመሪያው ጀርባ ላይ ተጽፏል። «በደንብ ስችል አስደንቀዋለሁ» ብለው ዝም አሉ።

ያ ሰሞን ለእሳቸው ደግ ሰሞን ነበር። ነጥብ እንዴት እንደሚነሣ ጠየቁት፤ እሱ ሳሎን ተቀምጦ «ጣትዎን ሳያነሡ ይጫኑትና ቀስ ብለው ይጎትቱ፣ አይቸኩሉ» ብሎ ጻፈላቸው። ስም ላልተጻፈለት ፋርማሲ ስሙን አሟሉ፤ «ዓይንዎ አያልፈውም! ቀድሞ ምን ይሠሩ ነበር?» ብሎ ጠየቃቸው። «ሰው ሳገናኝ ኖርኩ» ብለው መለሱ። ደላላ መስሎት ለብቻው ሳቀ። ሳቁን በግድግዳው በኩል ሰምተው እሳቸውም ሳቁ። ከአማቻቸው ጋር ያን ያህል ተጫውተው አያውቁም።

ከዚያ መቀመጫዎቹ መጡ። አማቱ በየቀኑ የሕንፃውን ደረጃ በየእርከኑ አረፍ እያሉ ወርደው አንድ ማረፊያ ያህል ይዘልቁና፣ የተቀመጡበትን ካርታው ላይ የአግዳሚ ወንበር ምልክት ያደርጉበታል። የፋርማሲው ደረጃ። ጎማ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው የሲሚንቶ ድንጋይ። ተቆርጦ የተጋደመው ግንድ። የጎኔ ደግሞ ከማዶ በኩል ያገኙትን በስልክ ይናገራሉ፤ «ጫማ ጠጋኙ ጋ ደንበኛ የሚያስቀምጥበት ሣጥን አለ፣ ሰውየውም ክፉ አይደለም።» አማቱ ያንንም ይጨምራሉ። የጎኔ መሥራቱን ባይችሉበትም ማየቱን ችለውበታል። ጠዋት ጠዋት ስልካቸውን ከፍተው ምልክቶቹ ከሁለቱም ጫፍ ሲቀራረቡ ያያሉ፤ «ደረስሽብኝ እኮ!» ይላሉ።

ሊፍት ጠጋኙም አየ። የሰፈሩን ካርታ ለሚቀጥለው ሥልጠና ምሳሌ አድርጎ ሊያሳየው አስቦ፣ እያንዳንዱን መስመር ሲያጠራ ሰንብቷል። አሁን መንገዱ ላይ ወንበር በቀለበት። ሥራ የበዛበት፣ አንድ ግትር ሊፍት ሳምንት ሙሉ ያስቸገረው ጊዜ ነበር፤ ይህ ሰበብ ይሆነው እንደሆነ አላውቅም።

«ውድ ጎረቤት» ብሎ ጻፈ፣ «አግዳሚ ወንበር የምንለው ለመቀመጫ ተብሎ የተሠራውን ብቻ ነው። ደረጃ ደረጃ ነው፣ ግንድም ግንድ ነው። ደግሞስ ይህን ሁሉ በዓይንዎ አይተውታል?»

መልሱ ፈጥኖ መጣ። «ግማሹ ላይ ተቀምጬበታለሁ። ግማሹ ላይ ጓደኛዬ ተቀምጣበት በስልክ ነግራኛለች። ሰው ሲደክመው የሚያርፍበት ቦታ ካርታው ላይ ምን ይባላል?»

ጥሩ ጥያቄ ነበር። እሱም ጥሩ መሆኑን አውቋል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ለካርታ ወዳጆቹ አቅርቦ፣ ተከራክሮ፣ አንድ መላ ይፈልግለት ነበር። «ቆይ፣ እመለስበታለሁ» አለና ጥያቄውን አቆየው። ነጥቦቹን ግን አላቆያቸውም። ሁሉንም በአንድ ላይ መርጦ አጠፋቸው።

አማቱ ስልኩ የተበላሸ መሰላቸው። እያንዳንዱን መቀመጫ በአንድ ጣታቸው እንደገና አስገቡ። በማግስቱ እንደገና ጠፋ፤ ከሥሩም እንዲህ የሚል ተጽፎ ነበር፦ «ደጋግመው ካርታውን የሚያበላሹ ከሆነ እንዲታገዱ ለመጠየቅ እገደዳለሁ።»

ያን ዕለት ራት ላይ ሊፍት ጠጋኙ ሆዱ አልቻለም። «አንድ ደላላ ነገር ሰፈሩን ወንበር በወንበር አድርጎ ድካሜን መና አስቀረብኝ» አለ። «ደረጃውም ወንበር፣ ድንጋዩም ወንበር! እንዲህ ከደከመው ምናለ ቤቱ ቢቀመጥ?»

ሚስቱ ሳቀች። አማቱ የጎረሱትን ዋጡ።

«አስቦ አይመስለኝም ልጄ» አሉ፣ «ባያውቅ ይሆናል።»

«ካላወቀ ይጠይቃ እማማ! መጠየቅ ማንን ገደለ?»

ጠይቀው ነበር። ሳህናቸውን አንሥተው አጠቡና ወደ ውስጠኛው ክፍል ገቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ጎረቤት» የሚባለው በጎ ፈቃደኛ ካርታው ላይ አልታየም። ሊፍት ጠጋኙም ሥልጠናውን በሚገባ አካሄደ፤ ጀማሪን ማባረር ትልቁ ጥፋት መሆኑን፣ አንድ ክፉ ቃል አንድ ሰው እንደሚያስቀር በምሳሌ አስረዳቸው። ምሳሌው የሌላ ከተማ ሰው ነበር።

ስልኩ የተደወለው ከዚያ በኋላ አንድ ተራ ጠዋት ነው። የየጎኔ ልጅ ነበረች፤ የጎኔ አልፈዋል። አማቱ ወሬው ካለቀ በኋላም ስልኩን ከጆሯቸው አላወረዱም፤ ሰው እስከሚገናኝ የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር። ሚስቱ ደወለችለት። ሊፍት ጠጋኙ የተፈታ ሞተር ጣሪያ ላይ ትቶ፣ ሥራውን ለረዳቱ አስረክቦ በረረ። ቅዳሜ አልነበረም። ሲፈልግ እንዴት እንደሚችል ራሱም አየው፤ አፈረም።

አማቱን ደግፎ ደረጃውን አወረዳቸው፣ ከፊት ወንበር አስቀመጣቸውና ተነሣ። መንገዱ ተጨናንቆ መኪናው እየቆመ ነበር የሚሄደው። አማቱ በመስኮት ይመለከታሉ። ለእሱ የሚናገሩ አይመስልም፤ ለብቻቸው እንደሚቆጥሩ ነው።

«የፋርማሲው ደረጃ» አሉ። «ጠዋት ጥላ ነው።»

ጥቂት ሄዱ።

«የጎማ ቤቱ ድንጋይ። ዘይት ይነካል፤ ጋዜጣ አንጥፎ መቀመጥ ነው።»

ሊፍት ጠጋኙ መሪውን ጨበጠ። ከዚህ በኋላ ምን እንደሚመጣ አውቋል፤ ግንዱ ነው የሚመጣው። ግንዱ መጣ። «ይቺ ግንድ» አሉ አማቱ፣ «ከሁሉም እሷ ትመቻለች።» እያንዳንዱን በየቦታው ያውቀዋል፤ አንድ በአንድ ነው ያስተዋላቸው፣ በአንድ ላይ ነው ያጠፋቸው። ደላላው። ሰው ሲያገናኝ የኖረው። ኋላ ያለው መኪና ጡሩምባ ሲነፋበት ነው መንገዱ እንደተከፈተለት ያየው።

ለቅሶ ቤቱ ሰው ሞልቶታል። የየጎኔ ልጅ አማቱን አቅፋ አለቀሰች፤ ከዚያ ዓይኗን እየጠረገች አወራች። «እማዬ እኮ እርስዎን እያሰበች ነው ያለፈችው። አንድ ቀን ሳትነግረኝ ልጇን ልትጠይቅ እንደምትሄድ ሴት ለባብሳ ወጣች። ጫማ ጠጋኙ ጋ ደርሳ ሣጥኑ ላይ አርፋለች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ አየችና ‹ከዚህ ወዲያማ መቀመጫ የለም፣ አንሥተውታል› ብላው ተመለሰች። ሰውየው ነው ዛሬ የነገረኝ። ከዚያ ወዲህ አልወጣችም።»

ጫማ ጠጋኙ ካለበት እስከ መዋዕለ ሕፃናቱ ግንብ ድረስ ሁለት ማረፊያ ነበር የቀረው። ይህን እዚያ ከተሰበሰበው ሰው ሁሉ የሚያውቁት ሁለት ናቸው፤ አማቱና አማቻቸው። እሳቸው አንገታቸውን ደፉ። እሱ ለሰው ቦታ የሚለቅ መስሎ ወደ ውጭ ወጣ።

ሲመለሱ አማቱ መዋዕለ ሕፃናቱ ጋ ሲደርሱ «አቁምልኝ» አሉ። አቆመ። በሩን ከፍቶ ደግፎ አወረዳቸው። ግንቧ ዝቅ ያለች፣ በልጆች ጫማ የተፋቀች፣ ለሁለት ሰው የምትበቃ ናት። ከጫፏ ላይ ተቀመጡና ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ከአጥሩ ውስጥ ልጆች ይጮኻሉ። ሊፍት ጠጋኙ ፊታቸው ቆመ፤ እጁን የሚያደርግበት አጣ።

«እማማ» አለ፣ «መቀመጫዎቹን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ ልጄ። መመሪያህ ላይ ስምህ አለ።»

«ታዲያ ምነው አንድ ቃል ቢነግሩኝ? ያን ዕለት ራት ላይ እንኳ፣ እኔ ነኝ ቢሉኝ…»

«ምን ብዬ?» አሉ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ቢቆጡ ይሻለው ነበር። «ቤትህ ተቀምጬ፣ ከማዕድህ እየበላሁ፣ ድካምህን መና ያስቀረሁት እኔ ነኝ ልበልህ? አፈርኩ። መጀመሪያ የጻፍክልኝን እያየሁ፣ ይህ ሰው እንዲህ የተቆጣው እኔ ከባድ ጥፋት ባጠፋ ነው አልኩ። ለሷም አማቼ አጠፋው አላልኳትም። ለጊዜው ነው፣ ይመለሳል፤ ደግሞ አንድ ቅዳሜ በመኪናው ያመጣኛል አልኳት።»

ሊፍት ጠጋኙ እንባው መጣ። ብዙ ሊል አሰበ፤ ሥራ በዝቶ ነበር፣ ሕጉ እንዲህ ይላል፣ ማን መሆንዎን ባውቅ ኖሮ። ሦስቱም እውነት ናቸው፣ ሦስቱም ለምንም አይሆኑም። በተለይ የመጨረሻው አሳፈረው፤ ባያውቃቸውስ? ለማያውቀው ሰው አይደለም እንዴ «ቢቸገሩ እኔ አለሁ» ብሎ የጻፈው? ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

«አሁን እመልሳቸዋለሁ። ሁሉንም። ምን እንደሚባሉ እኔ እፈልግላቸዋለሁ።»

«መልሳቸው» አሉ። «የሚደክመው ሰው አይጠፋም።»

ካርታውን ከፈተ። ያቺ ግንብ ያለችበትን ቦታ አገኘና ጣቱን አስቀመጠባት፤ እንባው ስለጋረደው ግን ነጥቧ መንገድ መሐል አረፈች። ሊያነሣት ሞከረ፣ አልሆነለትም። አማቱ ወደ ስልኩ ጠጋ አሉ።

«ሳታነሣ ተጫነውና ቀስ ብለህ ጎትት» አሉት። «አትቸኩል።»

ነጥቧ ቦታዋን ያዘች። ከጎናቸው በቀረው ባዶ ቦታ ላይ ሊቀመጥ ጎንበስ አለ። አማቱ መዳፋቸውን ሲሚንቶው ላይ አሳረፉ።

«እዚያ አይደለም ልጄ። የሷ ነው። በዚህኛው በኩል ዞረህ መሬት ላይ ተቀመጥ።»

ዞሮ ተቀመጠ።